ጀርመንኛ ሜጀር ላድርግ ወይስ አባቴን ልስማ?

ከጎንደር «የፒያሳዋ» በሚል የብዕር ስም የጻፍሽልን እኅታችን፣ ደብዳቤሽ ደርሶናል። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ፍሬ ነገሩን በአጭሩ እናስቀምጠው። አዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመትሽን ጨርሰሽ ለክረምት ቤተሰብ ጋ ገብተሻል። ስትመለሺ ዲፓርትመንት ትመርጫለሽ። ልብሽ ያለው ጀርመንኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ላይ ነው። አባትሽ «ቋንቋ ተምሮ ቤት የሠራ የለም፣ አካውንቲንግ ግቢ» ይላሉ። አክስትሽ ደግሞ «ጀርመን መሄጃው ይኼው ነው፣ እንዳያመልጥሽ» እያሉ ይገፋፉሻል። የጠየቅሽን ሦስት ነገር ነው፤ ከትምህርቱ ምን አገኛለሁ፣ ሥራ አለው ወይ፣ ጀርመን ያደርሰኛል ወይ።

ከመጨረሻው እንጀምር፤ እሱ ሳይጠራ ሌላው አይጠራም። አክስትሽ በቅን ልቦና ነው የሚመክሩሽ፣ ግን መንገዱን አሳስተውታል። ዓላማሽ መሄድ ብቻ ከሆነ ሜጀር ማድረግ አያስፈልግሽም። ለአው ፔርነት፣ ማለትም ከቤተሰብ ጋር ኖሮ ልጅ እየጠበቁ ቋንቋ ለመልመድ፣ የሚጠየቀው ኤ1 ደረጃና ከ27 ዓመት በታች መሆን ነው። ኤ1 በአውሮፓ የቋንቋ መለኪያ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ከእሱ በላይ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ሲ1፣ ሲ2 እያለ ይወጣል። ባሏ ጀርመን ያለ ሴት ልትቀላቀለው ስትጠይቅም በአብዛኛው ኤ1 ይበቃታል። «አውስቢልዱንግ» ለሚባለው የሙያ ሥልጠና ብዙውን ጊዜ ቢ1፣ ነርስ ሆኖ የሙያ ዕውቅና ለማግኘት ደግሞ በአብዛኛው ቢ2 ይጠይቃሉ። ጀርመንኛ የሚያስተምረውና የሚፈትነው የጀርመን ተቋም፣ ጎተ ኢንስቲትዩት፣ እንደሚገምተው ከዜሮ ተነስቶ ቢ2 ለመድረስ ባለ 45 ደቂቃ የሆኑ ከ600 እስከ 800 ክፍለ ጊዜዎች ያስፈልጋሉ። በሳምንት 20 ክፍለ ጊዜ ለሚማር ሰው ይህ ከ30 እስከ 40 ሳምንት ነው። ዕረፍቱም፣ ፈተና ወድቆ መድገሙም ቢታሰብ ከአንድ ዓመት ተኩል እምብዛም አያልፍም። ለመሄድ ብቻ ብለሽ ሦስት ዓመት ሙሉ ድርሰትና ሥነ ልሳን ብታጠኚ በማትፈልጊው ነገር ላይ ዕድሜሽን ታባክኛለሽ፣ ውጤትሽም ያንኑ ያሳያል።

ስለዚህ ሜጀሩ ለሌላ ነገር ነው። ምን እንደሆነ ለማየት ውስጡን መግለጥ ይሻላል።

ጀርመኖቹ ራሳቸው «ገርማኒስቲክ» የሚሉት ትምህርት የቋንቋ ኮርስ ብቻ አይደለም። ቋንቋው መግቢያ በሩ ነው። ከዚያ በኋላ ሥነ ልሳን አለ፤ ድምፅ፣ የቃላት አመሠራረት፣ የዓረፍተ ነገር አወቃቀር። ሥነ ጽሑፍ አለ፤ የጀርመን ብቻ ሳይሆን የኦስትሪያና የስዊዘርላንድም፣ ፕራግ ተወልዶ በጀርመንኛ የጻፈው ካፍካም ከዚሁ ይቆጠራል። «ላንደስኩንደ» የሚሉት የአገሮቹ ታሪክ፣ ሕግና ኑሮ ጥናት አለ። ጀርመንኛን ለባዕድ ተማሪ የማስተማር ዘዴ አለ፤ ትርጉም አለ። ጀርመንኛን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያልተማሩ ተማሪዎች በሚገቡባቸው የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ጊዜ በብዛት ቋንቋ ነው፤ ሌላው እየቆየ ይገባል።

አደጋውም እዚያው ላይ ነው። የቋንቋው ሰዓት ካነሰ ተማሪው ድርሰቱን በእንግሊዝኛ ማጠቃለያ፣ ፈተናውን በሽምደዳ አልፎ ይመረቃል። ዲግሪ ይዞ ስልክ አንስቶ መነጋገር የማይችል ምሩቅ የሚወጣው እንዲህ ነው። ስለዚህ የምንሰጥሽ ዋናው መለኪያ ቁጥር ነው፤ ዲፓርትመንቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ቋንቋ ብቻ ያስተምራል? በሳምንት 12 ከሆነና ዓመቱ 30 የትምህርት ሳምንት ካለው በዓመት 360፣ በሁለት ዓመት 720 ይሆናል። ይህ ቢ2 ያደርሳል፤ ሦስተኛውን ዓመት በጀርመንኛ አንብበሽ፣ በጀርመንኛ ጽፈሽ ወደ ሲ1 መጠጋት ትችያለሽ። በሳምንት 4 ከሆነ ግን ሁለቱ ዓመት ተደምሮ 240 ነው። ያ ገና ኤ2 ነው፤ ገበያ ሄዶ መግዛትና አድራሻ መጠየቅ የሚያስችል ያህል። ጉድለቱን በራስሽ ጊዜና ገንዘብ ካልሞላሽው በቀር ሜጀሩ ስም ብቻ ይሆናል።

አሁን ብዙ ሰው የማይነግርሽን እንንገርሽ። አማርኛ ተናጋሪ ጀርመንኛን ሲማር ከባዶ አይነሳም። «ልጁ አባቱን አየ» ስንል «ን» ማን እንዳየና ማን እንደታየ ትነግረናለች፤ ቃላቱን አገላብጠን «አባቱን ልጁ አየው» ብንልም ትርጉሙ አይናጋም። ጀርመንኛም ይህንኑ ያደርጋል፤ ምልክቱ ከቃሉ ጫፍ ሳይሆን ከስሙ ፊት ካለችው ትንሽ ቃል፣ ከመስተኣምሯ፣ ላይ ነው፤ ለወንድ ጾታ «ዴር» የነበረችው ተሳቢ ስትሆን «ዴን» ትሆናለች። «ትናንት ጎንደር ስለነበርኩ» የሚለው ሐረግ ደግሞ በጀርመንኛ «ቫይል ኢሽ ጌስተርን ኢን ጎንደር ቫር» ነው፤ ግሡ እንደኛው መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። «ጎንደር የተወለደው ሐኪም» የሚለውን ጀርመን በጽሑፍ «ዴር ኢን ጎንደር ገቦረነ አርትስት» ብሎ ይጽፈዋል፤ ገላጩ ሁሉ ከስሙ በፊት ተደርድሯል። እንግሊዞች በዚህ አሠራር ሲሰቃዩ ለእኛ የቤታችን ልማድ ነው።

ታዲያ ተማሪዎቻችን ለምን ይሳሳታሉ? ጀርመንኛውን በእንግሊዝኛ በኩል ስለሚማሩት ነው። መጽሐፉ ወይም መምህሩ በእንግሊዝኛ ያስረዳል፤ ተማሪው እንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር በአእምሮው ሠርቶ ቃል በቃል ይለውጠዋል፤ ግሡ ያለ ቦታው መሃል ይገባል። ሰዋስው በምትይዢበት ደብተር ላይ ከእያንዳንዱ የጀርመንኛ ምሳሌ ጎን አማርኛውን ጻፊ፤ እንግሊዝኛውን ተይው።

የሚያደናቅፉንም አሉ፣ እነሱን ከመጀመሪያው ወር መያዝ ነው። አንደኛው የስም ጾታ ነው። አማርኛ ግዑዝ ነገርን በአብዛኛው ወንድ አድርጎ ያልፋል፣ ሲያሻው በቁልምጫ አንስታይ ያደርገዋል። ጀርመንኛ ግን ሦስት ጾታ አለው፤ ጠረጴዛው ወንድ፣ መብራቷ ሴት፣ መጽሐፉ ደግሞ ሁለቱም ያልሆነ። አብዛኛው በስሜት አይገኝም፣ ስለዚህ ስምን ብቻውን በጭራሽ አትጻፊ፤ ሁልጊዜ ከ«ዴር»፣ «ዲ» ወይም «ዳስ» ጋር እንደ አንድ ቃል ያዢው። ይህን ችላ ያለ ተማሪ ቢ1 ላይ ይደርስና ይቆማል፤ እንደ «ዴን» ያለው የተሳቢ ምልክት፣ የቅጽሉ ጫፍ፣ ተውላጠ ስሙ ሁሉ በጾታው ላይ ስለሚንጠለጠል ከዚያ ወዲያ የሚጽፈው ሁሉ ይበላሻል።

ሁለተኛው የአናባቢ ርዝመት ነው። እኛ ተነባቢን እናጠብቃለን፣ አናባቢን ግን በርዝመት አንለይም። ጀርመንኛ ይለያል። ከተማና መንግሥት የሚሉት ሁለት የጀርመንኛ ቃላት በፊደላችን ሲጻፉ ሁለቱም «ሽታት» ናቸው፤ የሚለያቸው የ«ታ» መርዘምና ማጠር ብቻ ነው። ስለዚህ አነባበብን በግዕዝ ፊደል ደብተር ላይ መጻፍ ለመጀመሪያው ሳምንት ቢረዳም ከዚያ በኋላ ጆሮሽን ይዘጋዋል። ከቃሉ አጠገብ አናባቢው ረጅም መሆኑን በሰረዝ፣ አጭር መሆኑን በነጥብ ምልክት አድርጊ። የ«ጸ»ን ነገርም ተጠንቀቂ፤ ጀርመኖች በ«ዜድ» የሚጽፉት ድምፅ «ት» እና «ስ» ተያይዘው የሚወጡበት ለስላሳ ድምፅ ነው፣ እንደ «ጸሎት» የሚፈነዳ አይደለም። ሁለት ነጥብ ላዩ ላይ ያለው «ኡ» ደግሞ በአንድ ዘዴ ይያዛል፤ «ኢ» እያልሽ ምላስሽን ሳታንቀሳቅሺ ከንፈርሽን ብቻ «ኡ» እንደሚል ሰው አሹዪ።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ እንምጣ፣ ምን ታገኛለሽ። የመጀመሪያው ጥቅም ለጎንደር ልጅ ከማንም በላይ የቀረበ ነው ብለን እናምናለን። ስለራስሽ አገር የተጻፈ ብዙ ነገር ጀርመንኛ ውስጥ ተቀምጧል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከፍራንክፈርት የመጣው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1832 እና በ1833 ጎንደር ተቀምጧል። ያየውን በጀርመንኛ ጽፏል፤ የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ዛሬም ፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሉ። ዋልያንና ጭላዳን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን በ1840 ለሳይንስ ያስመዘገበው እሱ ነው፤ የሦስቱም ሳይንሳዊ ስም ከሩፔል ስም ጋር ተያይዞ ይጻፋል። ስሜን ተራሮች የሚያስጎበኝ ሰው ይህን ለጀርመን እንግዳ በራሱ ቋንቋ ሲነግረው የጉብኝቱ ደረጃ ይለወጣል።

በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን በጎንደር ዙሪያ ከቤተ እስራኤል ጋር የሠራው ሚሲዮናዊ ማርቲን ፍላድ፣ ንጉሡ በ1866 ወደ እንግሊዝ መልእክተኛ አድርገው የላኩት ያው ሰው፣ ስለዚያ ዘመን የጻፈው በጀርመንኛ ነው። ኤኖ ሊትማን የመራው የ1906ቱ የአክሱም ጥናት በ1913 በአራት ጥራዝ የታተመው በጀርመንኛ ነው። ከቤትሽ ደቡብ ያለው የጣና ነገርም አለ። በደሴቶቹ ገዳማት ያሉት የብራና መጻሕፍት በ1968 በማይክሮፊልም ተነስተው፣ ኤርንስት ሐመርሽሚት በጀርመንኛ ዝርዝር ካታሎግ አዘጋጅቶላቸዋል፤ የመጀመሪያው ጥራዝ በ1973፣ ሁለተኛው በ1977 ወጥቷል። በየገዳሙ ምን መጽሐፍ እንዳለ፣ በስንት ቅጠል፣ ኅዳጉ ላይ ምን እንደተጻፈ ማወቅ የፈለገ የጎንደር የታሪክ ተማሪ ያንን ካታሎግ ማንበብ አለበት። ግዕዝ፣ አማርኛና ጀርመንኛ በአንድ ሰው ራስ ላይ ሲገናኙ ያ ሰው ብርቅ ነው። ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሂዮብ ሉዶልፍ ስም የተሰየመ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል አለ፤ አምስት ጥራዝ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት መዝገበ ዕውቀት ከ2003 እስከ 2014 የተዘጋጀው እዚያ ነው። መዝገቡ በእንግሊዝኛ ቢሆንም በየመግቢያው ሥር ከተጠቀሱት ምንጮች ብዙዎቹ የጀርመንኛ ናቸው። የማዕከሉ ስም ባለቤት፣ ጀርመናዊው ሊቅ ሉዶልፍ፣ ደግሞ አማርኛ የተማረው ከኢትዮጵያዊው ካህን ከአባ ጎርጎርዮስ ነው፤ ሮም ላይ በ1649 ተገናኝተው፣ በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን ጎታ ድረስ ሄደው አስተምረውታል። የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ ሰዋስው፣ በላቲን የተጻፈው፣ በ1698 የወጣው ከዚያ ትውውቅ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም የማንበብና የመጻፍ ዲሲፕሊን ነው። አንድ ገጽ ጽሑፍ ይዞ ሁለት ሰዓት መቀመጥ፣ እያንዳንዱ ቃል ለምን እዚያ እንደገባ መጠየቅ፣ ከዚያ በሁለት ገጽ ማስረጃ ይዞ መከራከር። በጀርመን አሠራር «ሃውስአርባይት» የሚባለው የሴሚስተር ጽሑፍ ከፈተና ይበልጥ ይመዝናል። ጥያቄ፣ ማስረጃ፣ የግርጌ ማስታወሻ፣ መደምደሚያ አለው፤ የተቀዳ አንቀጽ ከተገኘበት ይጣላል። ይህን በትክክል የተማረ ሰው ሪፖርት፣ ፕሮፖዛልና ደብዳቤ ለመጻፍ አይቸገርም፣ በየትኛውም ቢሮ።

ሥራውን በሚመለከት አባትሽ በግማሽ ልክ ናቸው። «ጀርመንኛ የተማረ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ በየሳምንቱ አይወጣም። በኢትዮጵያ ያሉት የጀርመን የልማት ድርጅቶችም የዕለት ሥራቸው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጀርመንኛ እዚያ ተጨማሪ ነጥብ ነው እንጂ ብቻውን አያስቀጥርም። ቋንቋ የሚያበላው ከሌላ ሙያ ጋር ሲጣመር ነው። ስለዚህ ሜጀሩን ስትመርጪ ማይነሩን ወይም የምሽት ሥልጠናውን አብረሽ ምረጪ። ከአባትሽ ጋር መታረቂያውም ይኼ ይመስለናል፤ ሒሳብ አያያዝና የኮምፒዩተር የሒሳብ ፕሮግራሞች በአጭር ኮርስ ይገኛሉ፣ ሲ1 ጀርመንኛ ግን በአጭር ኮርስ አይገኝም።

ቀጥታ የሚከፈልባቸውን ሥራዎች ካየን ማስተማር ይቀድማል። ኤ1 የሚፈልጉ የትዳር ተቀላቃዮች፣ ቢ1 የሚፈልጉ የሙያ ሥልጠና አመልካቾች፣ ቢ2 የሚፈልጉ ነርሶች በየከተማው አሉ፤ ጎንደር የሕክምና ትምህርት ከተማ ስለሆነች ደግሞ እዚህ የበለጠ ይታያል። ከጀርመን ሕክምና ጋር ያላት ትስስርም የቆየ ነው፤ የጎንደር የሕክምና ኮሌጅ ከ1978 ጀምሮ ከላይፕሲሽ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሠርቷል። ለማስተማር ቢያንስ ሲ1 እና የማስተማር ዘዴ ኮርስ ያስፈልግሻል። ቢ1 ይዘው ኤ1 የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ፤ የአነባበብና የጾታ ስሕተታቸውን ለተማሪው ያወርሳሉ፣ ተማሪውም ንግግር ፈተና ላይ ይወድቃል።

ትርጉም ሁለተኛው ነው፣ ግን ጥንቃቄው ብዙ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ስትተረጉሚ ዓመተ ምሕረቱን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ልዩነት መቀየር አለብሽ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። ዕለቱን ደግሞ በግምት አይቀይሩትም፣ በመቁጠሪያ ነው። የጀርመን ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ እኛ ደግሞ የአባት ስም ነው ያለን፤ በፓስፖርቱ ላይ የሰፈረው አጻጻፍ በሁሉም ሰነድ ላይ በአንድ ፊደል እንኳ ሳይለይ መደገም አለበት። ጉዳዮች ለወራት የሚጉላሉት በአብዛኛው በዚህ ነው። መሥሪያ ቤቱ ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ብቻ ይቀበል እንደሆነም ሰነዱን ከመጀመር በፊት ይጠየቃል።

አስጎብኚነት ላይ ግን እንድትደገፊ አንመክርሽም። ጀርመንኛ የሚናገር አስጎብኚ ለፋሲል ግቢና ለስሜን ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን በክልላችን የነበረው ግጭት የእንግዳውን እግር ምን ያህል እንዳሳጠረው ፒያሳ ላይ ሆነሽ ታዪዋለሽ። ተደራቢ ገቢ ይሁን፣ መሠረት አይሁን።

ከተመረቅሽ በኋላ ለማስተርስ ጀርመን መሄድ ሌላ ነገር ነው፤ ለዚህ ሜጀሩ በእርግጥ ይረዳል። ጀርመንኛን እንደ ባዕድ ቋንቋ ማስተማር ወይም ባህል-ተሻጋሪ ገርማኒስቲክ የሚሉት ፕሮግራሞች አሉ፤ ላይፕሲሽ ያለው የሄርደር ተቋም በዚህ ስሙ የገነነ ነው። በጀርመንኛ ለሚሰጥ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ የጀርመንኛ ፈተናዎች አንዱ ይጠየቃል፤ ቴስትዳፍ በአራቱም ክፍል 4፣ ወይም ዴ-ኤስ-ሃ 2። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ባደን-ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የውጭ ተማሪዎችን ማመልከቻ ለዩኒቨርሲቲዎች በሚቀበለው ዩኒ-አሲስት በኩል ስታመለክቺ የመጀመሪያው 75፣ ተከታዩ እያንዳንዱ 30 ዩሮ ነው። ጀርመኖች «ዊንተር» ለሚሉት ሴሚስተር (ከእኛ ክረምት ጋር እንዳይምታታብሽ) ብዙ ቦታ የመጨረሻው ቀን ጁላይ 15 ነው። ከባዱ ቪዛው ላይ የሚጠየቀው ብሎክድ አካውንት፣ ማለትም የዓመቱ ወጪ ቀድሞ ገብቶበት በየወሩ ብቻ የሚወጣበት የባንክ ሒሳብ፣ ነው፤ ከ2024 መኸር ወዲህ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ፣ ማለትም በወር 992። ይህን ቤተሰብ ካልቻለ መንገዱ ስኮላርሺፕ ነው፤ የጀርመን የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት፣ ዳድ የሚሉት፣ ለጀርመንኛ ተማሪዎች የበጋ (ሰመር) ኮርስ ስኮላርሺፕ ሲሰጥ፣ የአገር ውስጥ የጀርመንኛ ክፍሎችንም ከጀርመን አቻዎቻቸው ጋር ሲያገናኝ ቆይቷል። መግቢያ ደብዳቤ ወይም ስኮላርሺፕ እሸጣለሁ የሚል ደላላ ካጋጠመሽ ብር አታውጪ፤ ማመልከቻው በራስሽ ስም፣ በራስሽ ኢሜይል የሚሞላ ነው።

አሁን ክረምቱን ምን ታደርጊበት? ምርጫሽን በወሬ ሳይሆን በሥራ ፈትኚው። በቀን አንድ ሰዓት፣ ለስምንት ሳምንት። ዶይቸ ቬለ፣ በአማርኛ ዝግጅቱ ቤታችሁ የሚታወቀው የጀርመን ድምፅ፣ ከኤ1 እስከ ቢ1 ነፃ ኮርስ አለው። ኔት ባለበት ጊዜ ድምፁንና መልመጃውን አውርደሽ ያዢ፤ መስመሩ ሲቋረጥ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ። ከሰዓቱ ሃያ ደቂቃው መስማትና ጮክ ብሎ መድገም፣ ሃያው አዲስ ቃላት ከነጾታቸው፣ ሃያው መጻፍ ይሁን። በቀን ከአሥር ቃል በላይ አትያዢ፤ ሠላሳ የሚይዙት በሁለተኛው ሳምንት ያቆማሉ። ጨዋታ መሰሉን የስልክ አፕ ብቻ ይዘሽ አትቅሪ፤ መምረጥ እንጂ ማፍለቅ አያስተምርም፣ ባዶ ወረቀት ፊት ሲቀመጡ እጅ ይደርቃል።

በስምንተኛው ሳምንት መጨረሻ ለአንዲት ጓደኛሽ 30 ቃል ያህል መልእክት ጻፊ፤ ቀጠሮ የሚቀይር፣ ሰዓትና ቦታ ያለው። የኤ1 ፈተና የሚጠይቀው ርዝመት ያን ያህል ነው። መጻፉን ሳይሆን ሲቃና ማየቱን ወደድሽው? ለምን «ዴን» ሆነ ለምን «ዴም» ብለሽ ነገሩን እስክታገኚው አላስተኛ አለሽ? እንዲያ ከሆነ ሜጀሩ ያንቺ ነው። መናገሩን ብቻ ወድደሽ መጻፉና ማንበቡ ከሰለቸሽ ግን የአባትሽን አካውንቲንግ ያዢና ጀርመንኛውን በቋንቋ ተቋም እስከ ቢ2 ተማሪ፤ ይህም የማያሳፍር፣ እንዲያውም ለብዙ ሰው የተሻለ ምርጫ ነው።

ሜጀሩን ከመረጥሽ ለአባትሽ ቃል ሳይሆን የጊዜ ሰሌዳ ስጪያቸው፤ በአንደኛው ዓመት መጨረሻ የቢ1 ሰርተፊኬት፣ በሁለተኛው መጨረሻ ቢ2። የጎተ የቢ1 ፈተና አራት ክፍል አለው፤ ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍ፣ መናገር። እያንዳንዱ ከ100 ቢያንስ 60 ይፈልጋል፤ የወደቅሽውን ብቻ መልሰሽ መውሰድ ትችያለሽ። ተማሪዎቻችንን በብዛት የሚጥላቸው መጻፉ ነው፤ በ60 ደቂቃ ሦስት ጽሑፍ፣ 80፣ 80 እና 40 ቃል ያህል። ዕውቀት አጥተው ሳይሆን በመጀመሪያው ላይ 40 ደቂቃ ፈጅተው ነው የሚወድቁት። ከፈተናው ሁለት ወር በፊት ጀምረሽ በየሳምንቱ አንድ ሙሉ ወረቀት በሰዓት ቆጥረሽ ሥሪ፤ 25፣ 25፣ 10 ደቂቃ እያልሽ።

ስትመለሺ፣ ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት ዲፓርትመንቱ ቢሮ ሄደሽ እነዚህን ጠይቂ። በዚህ ዓመት አዲስ ተማሪ ትቀበላላችሁ፣ ስንት ተማሪ ካልሞላ ክፍሉ አይከፈትም? ቋንቋ ብቻ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ነው? ከመምህራኑ ስንቱ በጀርመንኛ ያስተምራሉ? ያለፉት ሁለት ዓመት ምሩቃን በምን ደረጃ ሰርተፊኬት ወጡ? መመረቂያ ጽሑፉ በየትኛው ቋንቋ ይጻፋል? ማይነር መውሰድ ይፈቀዳል? ከጀርመን ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራ ስምምነት አለ? የአራተኛ ዓመት ተማሪዎችንም ለብቻቸው አግኝተሽ ሁለተኛውንና አራተኛውን ጥያቄ ድገሚላቸው፤ መልሱ ከቢሮው ጋር ካልገጠመ የተማሪዎቹን እመኚ። ሳምንታዊው ክፍለ ጊዜ ከስምንት በታች ከሆነ ደግሞ ከመፈረምሽ በፊት የማታ ኮርስ ዋጋ ጠይቀሽ ከአባትሽ ጋር ሒሳቡን ሥሪ፤ የጎደለውን ሰዓት የምትሞዪበት ገንዘብና ጊዜ ከሌለ በዚያ ዓመት አትግቢ።